ሦስት ሰዓት በሳልሚያ

«ልትጸልይ ስትል፥ ግባ ወደ እልፍኝህ፤
መዝጊያህን ዝጋና ንገረው ላባትህ»
ይላል መጽሐፉ። እሺ። ግን እልፍኙ የት ነው?
ሳልሚያ፥ አምስተኛ ፎቅ፥ አንድ ክፍል አለን፤ እሱም በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለው።
ከመጋረጃው ወዲያ ሙላለም ይተኛል፥ ሌሊት ነድቶ ሲያድር፤
ከወዲህ እኔና መንበረ፥ ሶስናም ከእግራችን ሥር።
ግድግዳው ስስ ነው፥ ሳል ያሳልፋል፤
ከወዲያ ሲያነጥሱ፥ ከወዲህ «ይማርህ» ይባላል።

በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ነበር ጸሎቴ፦
ፈጥኜ አማትቤ፥ ፈጥኜ ከቤቴ።
የሰው ቤት ኤሲ ስጠግን፥ ሳቀዘቅዝ ስውል፥
የኔ ውስጥ ግን ደርቆ፥ እንደዚህ አገር ነሐሴ አስፋልቱ ሲቃጠል፥
ማንም አላየውም፤ እኔም አላየሁት፤
የምልከውን ብር እንጂ ነፍሴን መች ቆጠርኋት።

ልጄንም በዚያው ደረቅ አፌ ነበር የማስተምራት፤
«አባታችን ሆይ»ን ስትስት ስቆጣት፥
«እንደገና!» ስላት፥ አንገቷን ስትደፋ፥
መንበረ ታየናለች ልብስ እያጣጠፈች፥ አንድ ቃል ሳታጠፋ።
ማታ ግን፥ መብራት ጠፍቶ፥ «ስማኝ» አለች ቀስ ብላ፤
«በኩርኩም የገባ ጸሎት፥ ሲያድጉ ይወጣል ኋላ።»

በረንዳችን ላይ፥ በኒዶ ቆርቆሮ፥
ጤና አዳም ተክላለች፤ ዘሩን ወንድሟ ነው የላከላት በወረቀት ቋጥሮ።
የምታጠጣው ኤሲው የሚያንጠባጥበውን ነው፤
ከዚያው ከሚፈጀን አየር ማሽኑ የጨመቀው።
ጠብ… ጠብ… ሌሊቱን ሙሉ ጣሳ እንኳ አይሞላም፤
ይበቃዋል ግን። ሥር ያለው ነገር ብዙ አይጠማም።

ከዚያ ወዲህ፥ ዓርብ ዋዜማ፥ ልክ በሦስት ሰዓት፥
መጋረጃው ይጠቀለላል፤ አልጋው አግዳሚ ይሆናል ለደከመው ጉልበት።
ዲያቆን ልሳነወርቅ ከነሞተር ቆቡ ይደርሳል፥
የሰው እራት ሲያደርስ ውሎ፤ መንበረ ትሰጠዋለች፥ ቆሞ ይጎርሳል።
ድምፃችን ዝቅ ያለ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛ አለ፤
ሰው ሳያስቀይሙ መዘመርም አንድ ትሩፋት ነው ተባለ።

መሐል ላይ፥ ከሥዕሉ ፊት፥ ስልኬ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤
ከጀህራ የዘውድነሽ ትንፋሽ በሱ ይመጣል።
የአሠሪዋን ደጃፍ ብቻዋን ካለፈች ሁለት ዓመት አልፏታል፤
ካውያ ክፍል ተሸጉጣ «አሜን» ስትል፥ ከእንፋሎቱ ጋር ድምፅዋ ይተናል።
አንዳንዴ ኮቴ ሰምታ «ቆዩኝ» ትላለች፤
ሁላችን ዝም። ቤተክርስቲያን በአንዲት ሴት ልክ ትተነፍሳለች።

አንድ ሐሙስ ስልኩ ዝም አለ።
በሳምንቱም ዝም። በሦስተኛውም ዝም እንዳለ።
ሙላለም «በመኪናዬ ልፈልጋት» አለ፤ በየትኛው መንገድ፥ በየትኛው ደጃፍ?
ቁልፉን ጨብጦ ቀረ፥ ፊቱን አዙሮ ወደ መጋረጃው ጫፍ።
እኔ ስልኩን ላነሣ ስል ሶስና እጄን ያዘች፤
«ተወው አባዬ፤ ቀስ ብለን እንዘምር፥ ከጠራች እንድንሰማ» አለች።
ያን ማታ እንዲያ ዘመርን፥ ጆሯችንን ሰጥተን፤
ከዚያ በፊት መች ጸልየን እናውቃለን፥ እየሰማን?
ልጄም ሳላዛት «አባታችን ሆይ»ን ጀመረች፤
«የዕለት እንጀራችንን» በሚለው ላይ
«የዕለት እህታችንን ስጠን ዛሬ» አለች።
አላረምኋትም።

ሁዳዴ ሲጋመስ ስልኩ ጮኸ በማናውቀው ቁጥር፤
«እኔ ነኝ» አለች፥ ትናንት እንደተለየን፥ ያለ ሌላ ነገር።
«ስልኬን ወሰዱብኝ፤ ሦስት ሰዓትን ግን ማን ይወስድብኛል?
ካውያዬን አቆማለሁ፤ አሁን ጀመሩ እላለሁ፤ የሶስና ድምፅ ይሰማኛል።
ስትነሱ እነሣለሁ፥ ስትሰግዱ እሰግዳለሁ፤
ውስጤን ጠርጌ፥ በሩን ዘግቼ እገባለሁ።»
መንበረ አየችኝ። እኔ መጋረጃውን አየሁ።

ያን ሌሊት፥ ሁሉም ከሄደ በኋላ፥ በረንዳ ወጣሁ።
ጣሳው ግማሽ ነበር። ለጤና አዳሙ አጠጣሁ፤
ባዶውን መልሼ ከጠብታው ሥር አኖርሁ።
ሙላለም ሥራ ሊሄድ ጫማውን ያስራል ከወዲያ፤
እኔ ቆምሁ፥ ምንም ሳልጠይቅ፥ ምንም ሳልል፥
የሚነገረው እንዳለ ሰው።
ጠብ።